የሦስት ሰው ስንዴ

«ዘንድሮ የሦስት ሰው ነው። አዎ፣ ሦስት። የእሳቸውን እዚያ ውስጥ እንዳይጽፉት» አለች ፋልጉኒ በስልክ።

ዲዋሊቤን በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጡ ነበር። የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው፤ ምራታቸው ደግሞ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ በሹክሹክታ አወራሁ ስትል እንኳ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። በእጃቸው የያዙትን የልጅ ልጃቸውን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ገመዱ ላይ ሳያደርጉት ክው ብለው ቀሩ። ከማን ጋር እንደምታወራ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ሚያዝያ ነው፤ አሕመዳባድ በሙሉ የዓመት ስንዴውን የሚያስገባበት ወር ነው፤ በዚህ ሰሞን አንዲት የቤት እመቤት ስለ ሰው ቁጥር የምታወራው ከእህል ነጋዴዋ ጋር ብቻ ነው። ስሌቱን ለፋልጉኒ ያስተማሯት ደግሞ ራሳቸው ናቸው። ለአንድ አፍ ሃምሳ ኪሎ። እሳቸው አንድ፣ ልጃቸው ኪሪት ሁለት፣ ሚስቱ ፋልጉኒ ሦስት፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ክሩቲ አራት፤ ሁለት ኩንታል ይገባል፣ ዓመቱን ይበላል፣ በቃ። ሴት ልጃቸው ዳክሻ ተድራ ወደ ሱራት የሄደች ጊዜ ሃምሳ ኪሎ ቀነሱ። ባላቸው የሞቱ ጊዜም ለነጋዴው «ሃምሳውን ቀንሰው» ብለው የነገሩት በገዛ አፋቸው ነው፤ ያን ቀን ድምፃቸው እንዳይንቀጠቀጥ ስንት እንደታገሉ እሳቸው ያውቃሉ። በዚያ ቤት ሃምሳ ኪሎ የሚቀነሰው ወይ ሰው ሲሄድ ወይ ሰው ሲሞት ነው። ዲዋሊቤን ደግሞ አልሞቱም።

ሸሚዙን አሰጡና ምንም እንዳልሰማ ሰው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመበት ሦስተኛው የሚያልፍበት የሌለ ጠባብ ወጥ ቤት ነው፤ ዛሬ ግን መደርደሪያዎቹ ግማሽ በግማሽ ባዶ ናቸው። ነጭ ዱቄቱ፣ በላስቲክ የታሸገው ፓስታ፣ ክሩቲ የምትወደው የድንች ጥብስ፣ ውሃ ሲነካው ብርቱካን ይሆናል የሚባለው ዱቄት፣ ሁሉም በአንድ ትልቅ ፌስታል ታጭቆ ለዘበኛው ሊሰጥ በር ላይ ተቀምጧል። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ፋልጉኒን አንድ ነገር ይዟታል። የእያንዳንዱን ዕቃ ጀርባ እየገለበጠች ታነባለች፤ ስሙን ማንበብ ያቃተኝን ነገር ለሰው አላበላም ትላለች። በምትኩ ከነልጣጩ ምስር፣ ሽምብራ፣ ያልተፈተገ ሩዝ፣ ሰሊጥ ተሸክማ ትገባለች፤ የለውዝ ዘይቱንማ መጭመቂያው ፊት ቆማ፣ ዐይኗ እያየ አስጨምቃ ነው ያመጣችው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ነገር ዲዋሊቤንን ሲያስደስታቸው ነበር የሰነበተው። የእናታቸው ጓዳ እንዲህ ነበር፤ ከተማ ገብተው ነው የታሸገ ነገር ያወቁት። ዛሬ ግን ባዶውን መደርደሪያ ሲያዩት ሌላ ነገር ታያቸው። ሰው ቤት የሚያጸዳው ለሚቆዩት ነው አሉ በሆዳቸው። ዐይናቸው ጠዋት ጠዋት ከሻይ ጋር የሚያርሷትን ብስኩት ፈለገ፤ እሷም የለችም።

ቤቱ ሁሉ «ባ» ይላቸዋል፤ እማማ እንደማለት ነው። «ብስኩቷን አወጣኋት፣ ባ» አለች ፋልጉኒ ሳትዞር። «ሻይዎን በሽምብራ ቆሎ ይጠጡ።» ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ጥርሴ ነው ቆሎ የምቆረጥመው ብለው ግማሽ ሰዓት ያስቋት ነበር። ዛሬ ግን ብስኩት የነፈጉት ሰው ስለ ጥርሱ ምን ያወራል? ሻያቸውን ባዶውን ጠጡ። ፋልጉኒም ምነው ዝም አሉ ብላ አልጠየቀችም። አንዴ ወደሳቸው ዞር ብላ አፏን ከፈተችና መልሳ የሽንኩርቱን ቅርጫት ማራገፍ ጀመረች።

አራት ሰዓት ላይ ገበያ ብቻዬን ልሂድ፣ ፀሐዩ አርባ ሦስት ዲግሪ ይደርሳል ተብሏል፣ እርስዎ ይረፉ አለቻቸው። እዚህ ላይ ዲዋሊቤን አልቻሉም። እኔ በጥርሴ ያልሞከርኩት ስንዴ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም ብለው ነጠላ ጫማቸውን አጥልቀው ቀድመዋት ደረጃውን ወረዱ። ባጃጁ እስከ ካሉፑር የእህል ገበያ መቶ አርባ ሩፒ ጠየቀ፤ በመቶ አሥር ተስማሙ። የተከራከሩት ዲዋሊቤን ናቸው፤ ፋልጉኒ እንደ ልማዷ ከጎናቸው ሆና አላገዘቻቸውም። መንገዱን በሙሉ ባዶው ዘንቢል በመካከላቸው ተቀምጦ፣ አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ እያየች ሄዱ። አሥራ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ተጣልተው ያውቃሉ፣ ተኳርፈውም ያውቃሉ፤ እንዲህ ያለ መንገድ ግን ሄደው አያውቁም።

ነጋዴው ጎርዳንባይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንዴ የሸጡላቸው፣ ሆዳቸው ከመቀመጫቸው ቀድሞ የሚታይ ሽማግሌ ናቸው። ዲዋሊቤንን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ኧረ ዲዋሊቤን! እኔ እኮ የእርስዎን...» ብለው ጀመሩና ፋልጉኒ ላይ ዐይናቸው ሲያርፍ ቃላቸውን ዋጥ አድርገው ሻይ አዘዙ። ፋልጉኒ እንዴት አድርጋ እንዳየቻቸው ዲዋሊቤን ዐይተዋል። ስለዚህ ነጋዴው ያውቃል፤ ሻይ አቅራቢውም ሳያውቅ አልቀረም፤ የማያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ፊታቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ክምሩ ተጠጉ። ሁለት ዓይነት ነው የቀረበላቸው፤ አንዱ ኪሎው በሠላሳ ስምንት፣ አንዱ በአርባ ስድስት ሩፒ። የሠላሳ ስምንቱ ለዐይን ሸጋ ነው። ከሥር እጃቸውን ሰደው ዘግነው ሲያዩት ግን ሁለት ሦስቱ ፍሬ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቀች ቀዳዳ አለች፤ ነቀዝ ገና ከውስጥ ሊነሣ ነው። ፋልጉኒ ይህን አታውቅም። ዝም ብለው «ይሄ ጥሩ ነው» ቢሉ ከሦስት ወር በኋላ በርሜሉ በሙሉ ዱቄትና ነቀዝ ይሆንና ያን ጊዜ ያስታውሱኛል የሚል ክፉ ሐሳብ ሽው አለባቸው። አልዋሽም፣ ለደቂቃ ያህል ጣፈጣቸው። ከዚያ የክሩቲ የምሳ ዕቃ ትዝ አላቸው፣ በቂጣው መካከል ቅቤ ካልተቀባ የማትነካው ልጅ። የአርባ ስድስቱን ነከሱት። ቋ ብሎ ተሰበረ፣ ጠንካራ፣ ደረቅ፣ ሆዱ የበራ። ያኛውን ለዶሮ ስጠው ብለው ነጋዴውን ተቆጡና ይህኛውን አስመዘኑ። ኩንታል ተኩል። ሚዛኑ መቶ ሃምሳ ላይ ሲቆም ዐይናቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

ቤት እንደተመለሱ፣ ጭነቱ እስኪመጣ፣ መኝታ ቤታቸው ገብተው ሱራት ደወሉ። ለዳክሻ የሆነውን አልነገሯትም፤ ምን ብለው ይነግሯታል? ወንድምሽ ከነሚስቱ ከእህል ቆጠራ አወጣኝ ይባላል? ትንሽ ሰንበት ብዬ ልመለስ፣ ናፍቃችሁኛል ነው ያሉት። ዳክሻ ቤቱ ቤትሽ ነው አለች፣ ሦስቴ አለችው። ከዚያ አማቷ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሊደረጉ ነው፣ የባሏ እህት ከነልጆቿ ለዕረፍት ልትመጣ ነው፣ የእንግዳው ክፍል ቀለም እየተቀባ ስለሆነ ሽታው አይቻልም። ከዝናቡ በኋላ ብትመጪስ አለች። ዲዋሊቤን ልክ ነሽ፣ ከዝናቡ በኋላ ይሻላል፣ ሙቀቱም አይመችም አሉ። ስልኩን ዘግተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የሚያስለቅስ ነገር ነበር፣ ግን ማልቀስ አልሆነላቸውም። ናዲያድ በምትባል ከተማ ወንድም አላቸው፣ ሚስቱ ክፉ አይደለችም። ሂጂ እስክባል አልጠብቅም፣ በእግሬ እወጣለሁ ብለው ቆረጡ። ከሳጥኑ አራት ሳሪ አውጥተው አጠፉ፣ የስኳር መድኃኒታቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ጨመሩና ሻንጣቸውን ከአልጋው ሥር ገፋ አደረጓት። ስንዴውን ዘይት ሳያሹ ግን አይሄዱም። ያ ሥራ የእሳቸው ነው።

ስንዴው መጣ። ሳሎኑ ላይ ሁለት አንሶላ ተነጥፎ ተዘረገፈ፤ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፋ፣ ቴሌቪዥኑ በጨርቅ ተሸፈነ። የጉሎ ዘይቱን ፋልጉኒ ትንሽ ለብ አድርጋ አመጣችው። ዓመት የሚቆይ ስንዴ በጉሎ ዘይት ካልታሸ ነቀዝ አይምረውም፤ ከበዛ ቂጣው ይሸታል፣ ካነሰ እህሉ ይበላል፣ ልኩን የሚያውቀው መዳፍ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው እፍኝ እፍኝ እያሹ ፍሬው ሁሉ ሲያብረቀርቅ ወደ አንድ ጎን ይገፋሉ። ይሄ ሥራ በየዓመቱ የወሬ ቀን ነበር። የሰፈሩ ሐሜት፣ የዘመድ ሠርግ፣ የኪሪት የልጅነት ቅሌት፣ ሁሉ እዚህ ክምር ላይ ነው የሚወራው። ዛሬ ሁለቱም ከክምሩ ቀና አላሉም። ከሁለተኛ ፎቅ ማንጁላ ወንፊት ልትዋስ መጣች፤ ወንፊት ሰበብ ነው፣ የሰው ክምር ሳታይ የሚነጋላት ሴት አይደለችም። በሩ ላይ ቆማ በዐይኗ መዘነችው። «ምነው ዲዋሊቤን፣ ዘንድሮ ክምሩ አነሰሳ? ጾም ልትገቡ ነው እንዴ?» አለች። ፋልጉኒ ፊቷ ቀላ፤ አቀረቀረች። ዲዋሊቤን ግን ቀና ብለው ስንዴ ተወዷል፣ ደግሞ ልጄና ምራቴ ሽንቅጥ ማለት ፈልገዋል፣ አንቺም ብትሞክሪው አይጎዳሽም ብለው ወንፊቱን አቀበሏት። ቤቴን ለማንጁላ አፍ አልሰጥም። እወጣለሁ እንጂ አላዋርደውም አሉ በሆዳቸው። ማንጁላ ስትወጣ ፋልጉኒ ዘይት የነካ እጇን እያየች «ባ...» አለች። ዲዋሊቤን የሚመጣውን ለመስማት አቅም አልነበራቸውም። ራሴን አሞኛል፣ የቀረውን ጨርሺው ብለው ተነሡ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀር ከታች መኪና ጥሩንባውን ነፋ፤ ፋልጉኒ እየሮጠች ወረደች። ጊዜው ይሄ ነው አሉ ዲዋሊቤን። ክሩቲ ጥናት ላይ ናት፣ ኪሪት ከሥራ አልገባም፣ ማንንም ሳላስለቅስ ልውጣ። ሻንጣቸውን ይዘው፣ ሳሪያቸውን አናታቸው ላይ ጎትተው፣ በሩን ከፈቱ። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ደረጃው ላይ ከባድ ትንፋሽ ይሰማል። ልጃቸው ኪሪት ነው። የቢሮ ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ ትከሻው ላይ አንድ ጆንያ ተሸክሞ፣ ቀይ ፊቱ ከጆንያው ሥር ብቅ አለ። ፋልጉኒ ከኋላው ሌላ ትንሽ ጆንያ አቅፋለች። ኪሪት ሻንጣዋን አየ።

«የት ልትሄጂ ነው፣ ባ?»

«እህሌ ወዳለበት።»

ኪሪት አልገባውም። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነገር ቶሎ አይገባውም። «እህልሽማ ትከሻዬ ላይ ነው» አለ እያለከለከ። «እስኪ ዞር በዪልኝ ላውርደው፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነው።»

ዞር አሉለት። ጆንያው ወለሉ ላይ ዱብ ሲል በጥቁር ቀለም በትልልቁ የተጻፈበት ታየ፤ ዲዋሊባ ይላል። ፋልጉኒ ያመጣችውም ላይ እንደዚያው። ሦስተኛውን ነጂው ይዞ መጣ፣ እሱም ላይ ስማቸው አለ። ሻንጣዋ ከእጃቸው ወጥታ በሩ ላይ ቀረች። ፋልጉኒ የአማቷን ሻንጣ አየች፣ ፊታቸውን አየች፣ ከዚያ ጠዋት የተከፈተውን የወጥ ቤት መስኮት ያስታወሰች መሰለኝ፣ እጇን አፏ ላይ አደረገችና ጆንያው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም ቤት ሄደው ሳለ፣ ዲዋሊቤን ጫማቸውን ሊያደርጉ ቀድመው ሲወጡ ሐኪሙ ፋልጉኒን አስቀርቷት ነበር። ስኳራቸው ከፍ ብሏል፣ ብስኩትና ነጭ ዱቄት ከቤት ይውጣ፣ የስንዴውን ቂጣ በገብስ፣ በማሽላና ባጅሪ በሚባለው ዳጉሳ መሰል እህል ለውጡላቸው ብሏታል። ፋልጉኒ ይህን ሰምታ እንቅልፍ አጣች። ሐኪሙ አስፈርቷት አይደለም። በዚያ አገር ወንድማማቾች ቤት ሲካፈሉ መጀመሪያ የሚለዩት እህል ነው፤ የአማት እህል ከቤቱ እህል ተለየ ማለት አማት ከቤቱ ተለየች ማለት ነው። የፋልጉኒ እናት በሠርጓ ማግሥት የነገረቻት ምክር አንድ ብቻ ነበር፤ ለአማትሽ የብቻዋን እህል እንዳታስገቢ። እና እሷ ይህን በየትኛው አፏ ትናገር? ለኪሪት እናትህ ናት፣ አንተ ንገራት አለችው። ኪሪት እሺ አለ። ኪሪት እሺ ካለ ነገሩ ያለቀ የመሰላት እሷ ሞኝ ናት።

«ትነግራታለች ብዬ ነው» አለ ኪሪት ላቡን እየጠረገ።

«ለአንተ ነገርኩህ እኮ! ሁለት ሳምንት ሙሉ!» ፋልጉኒ ድምፅዋ ተሰበረ። ከዚያ ወደ ዲዋሊቤን ዞራ፣ «ባ፣ ዛሬ ሙሉ ቀን ልነግርዎ ስል አፌ እየተያዘ... ገበያ እንዳይሄዱ ያልኩትም ጎርዳንባይ እንዳያወጣው ብዬ ነው። ባጅሪው የተባይ መድኃኒት ያልነካው ይሁን ብዬ በጎርዳንባይ በኩል ከገበሬ ነው ያስመጣሁት፣ ለዚህ ነው ከስንዴው ጋር ያልደረሰው። ልናስወጣዎ መሰለዎ?»

«መሰለኝ» አሉ ዲዋሊቤን። «ለምን እዋሻለሁ፣ መሰለኝ። ሱራትም ደውያለሁ።» ዳክሻ ምን እንዳለች አልተናገሩም። አሁን ነው እንባው የመጣው፣ ቀን እምቢ ያለው ሁሉ በአንዴ። ፋልጉኒ ተነሥታ ዘይት ባልለቀቀ እጇ አቀፈቻቸው፤ የሁለቱም ሳሪ በጉሎ ዘይት ተበላሸ። ኪሪት የሚያደርገው ሲጠፋው ሻንጣዋን አንሥቶ ወደ መኝታ ቤት ይዟት ገባ። ወዲያው ዲዋሊቤን ራባቸው። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሱም ነበር ለካ። የሽምብራ ቆሎውን አምጪው፣ በቀረችኝ ጥርስ ልሞክረው አሉ፤ ፋልጉኒ ከነእንባዋ ሳቀች።

ቆሎውን እየቆረጠሙ ጆንያዎቹን አስፈቱ። ባጅሪው ግራጫ፣ ድብልብል፣ ገና የማሳ ሽታ ያለው ነው። ልጅ ሳሉ የእናታቸው ምድጃ ላይ በመዳፍ እየተጠፈጠፈ የሚጋገረው ወፍራም ቂጣ ከዚህ ነበር፤ የስንዴ ቂጣ ያን ጊዜ ለእንግዳ ነው። ዘግነው ወደ ጥርሳቸው ወሰዱት። ደህና ነው። ማሽላውንም ነከሱ፣ ገብሱንም። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ጆንያዎቹን በዐይናቸው መመዘን ጀመሩና ግንባራቸው ተቋጠረ።

«ስንት ነው ያስመዘንሽው?»

«ባጅሪ ሠላሳ፣ ማሽላ ሃያ፣ ገብስ ሃያ» አለች ፋልጉኒ።

«ሰባ ኪሎ? ለአንድ አፍ? አንቺ ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ምን ሳስተምርሽ ነው የኖርኩት? ይሄ የዓመት እኮ አይደለም፣ የአሥራ ሰባት ወር ነው!»

ፋልጉኒ ደነገጠች። የዚህን እህል ስሌት እንደማታውቀው፣ እንዳያንስባቸው ፈርታ እንደጨመረችው ተናገረች። ጎርዳንባይ የተረፈውን እወስዳለሁ ብለዋል፣ ነገ ሃያውን ኪሎ መልሼ እልከዋለሁ አለች፤ እጇም የጆንያውን አፍ ለማሰር ሄደ።

ዲዋሊቤን እጇን ያዙት።

«አይመለስም» አሉ። «እበላዋለሁ።»